ከወፍጮ ቦይ የተገኘችው

እህቴ ቃንዲ በአምስት ወር ትበልጠኛለች። ይህን ስናገር ብዙ ሰው «እሺ» ብሎ ያልፋል፤ ቆም ብሎ በጣቱ የሚያሰላ የለም። እኔ ራሴም፣ በሒሳብ ጎበዝ ነኝ እያልኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አስልቼው አላውቅም። እናታችን የልጆቿን ልደት የምትቆጥረው በወር ስም አልነበረም። ቃንዲ የተወለደችው በወይን ለቀማ ነው፤ እኔ ደግሞ በትልቁ በረዶ፣ የመንደራችን መንገድ በተዘጋበት ሳምንት። ለልጅ ጆሮ ከወይን እስከ በረዶ ረጅም ጊዜ ነው፤ ሁለት ልጅ ለመውለድ የሚበቃ ይመስላል።

ስለ ሰባት ዓመቴ ነው የማወራው። ያን ጊዜ ዴልሂ፣ ቦጋል ሰፈር ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። ከአገራችን ከጋዝኒ ከወጣን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል። አባታችን ሳፍደር ከሕንፃው ሥር ባለው ናን ቤት የቂጣ ሊጥ ያቦካል። ወደ ቤት ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ነው፤ ቃንዲ «ሽማግሌው መጣ!» ብላ ስትጮህ ወገቡን ይዞ እያነከሰ፣ እያሳለ፣ የሌለውን ጢሙን እያሻሸ ያስቀናል። እናታችን ታጅዋር «አንተ ሰውዬ፣ ዱቄቱን ፍራሹ ላይ አታራግፈው!» ትላለች። በዚያች ክፍል ብዙ እንስቅ ነበር። ይህን የምናገረው ሰው ስደት ሲባል ለቅሶ ብቻ ስለሚመስለው ነው።

ሥራችን መጠበቅ ነበር። የስደተኞች ቢሮው ይጠራናል፤ ይጠይቀናል፤ ካመነን ወረቀት ይሰጠናል። ወረቀት ካለን አባቴ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ አይቀይርም፣ እኛም ትምህርት ቤት እንገባለን፣ ምናልባትም አንድ ቀን ወደ ሌላ አገር እንላካለን። «ካላመነን ደግሞ…» ይላሉ ትልልቆቹ። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጨረሰ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

አባቴ ለቢሮው የሚናገረው ታሪክ አጭር ነው። ታላቅ ወንድሙ ቁርባን ከካቡል ሲመለስ መንገድ ላይ ከመኪና አወረዱት፤ ሐዛራ መሆኑን ከፊቱ አይተው እዚያው ገደሉት። አባቴ ገዳዮቹን በስም ጠርቶ መሰከረ። ከዓመታት በኋላ ሰዎቹ በርትተው ሲመለሱ በራችን ላይ የዛቻ ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። ይህን እኔና ቃንዲ እንደ ጸሎት በቃላችን እናውቀው ነበር። አጎቴ ቁርባንን በአካል አላውቀውም። ፎቶው ሲወጣ እናቴ ሁልጊዜ መጀመሪያ ለእኔ ታሳየኝ ነበር፤ ለምን ለእኔ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ቀድሜ በማየቴ ብቻ እኮራ ነበር።

አባቴ አንድ የማይሰለቸው ቀልድ ነበረው። ቃንዲ ስታስቸግረው «አንቺን እኮ እኛ አልወለድንሽም፤ ከወፍጮ ቤቱ ቦይ ነው ያገኘሁሽ! ውኃ እያንከባለለሽ ስትመጪ ‹እስቲ ይቺን ዱባ ላውጣት› ብዬ ዘው አልኩ» ይላል። ቃንዲ ትጮሃለች፣ ትነክሰዋለች፣ እናቴ ትስቃለች። በአገራችን እንዲህ ያልተባለ ልጅ የለም። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ብሎኝ አያውቅም። አንዴ ቀንቼ «እኔንስ ከየት አገኘኸኝ?» ብዬ ስጠይቀው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «አንቺማ የተወለድሽው እቤት ነው» አለና አቀፈኝ። የበለጠ የሚወደኝ መሰለኝ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ቃንዲ ላይ ተንጠባረርኩባት።

ቃለ መጠይቁ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አጎት ኢሳ ጣሪያው ላይ መጣ። ከበታችን ያለ ጎረቤታችን ነው፤ ቢሮው ሦስት ጊዜ ጥሎታል፤ ያም ሆኖ የሕንፃው ስደተኛ ሁሉ ምክር የሚጠይቀው እሱን ነበር። «ሦስት ጊዜ የወደቅኩ ሰው ነኝ፤ ፈተናውን ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል?» ይልና ብቻውን ይስቃል። እናቴ ልብስ ታሰጣለች፤ አባቴ ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ብሏል። እኔና ቃንዲ ከውኃው ጋን ጀርባ ጥላው ላይ ነበርን። ቃንዲ ጠጠር ስትጫወት እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ እኔ ነቅቻለሁ።

«ሳፍደር ወንድሜ፣ ስማኝ» አለ አጎት ኢሳ። «ሰዎቹ መቁጠር ያውቃሉ። ሁለቱን ልጆች ከነልደት ወራቸው አስመዝግበሃል። እንዲህ ሆነው በአንድ ፋይል አይሄዱም። እውነቱን ተናገርና ለአንዷ ሌላ ፋይል ይከፈትላት።»

«ሌላ ፋይል!» አለች እናቴ፣ እርጥብ ሸሚዝ እንደያዘች። «ከኛ ፋይል ከወጣች በኋላ የኛ ናት ብለው ይተዉልናል? ነጥለው ቢወስዷትስ? የሄራት ሰዎቹን ልጅ ነጥለው ወሰዷት ሲሉ አልሰማህም?»

«እሱ ወሬ ነው፣ እህቴ።»

«ወሬ ይሁን። እኔ በልጄ ላይ ወሬ አልሞክርም።»

አባቴ ቀና ብሎ እናቴን አየ። በኋላ «ለሷስ ምን እንላታለን?» አለ።

«ምንም» አለ አጎት ኢሳ። «ልጅ ናት፤ ምን ታውቃለች? ብቻ እወቅ፤ አንዷ ካልወጣች ሁላችሁም ትወድቃላችሁ። እኔ ነገርኩህ።»

ከጋኑ ጀርባ ሆኜ የገባኝ ይህ ነው፦ ከሁለታችን አንዷ ልትቀር ነው። የትኛዋ እንደሆነች ማንም በስሟ አልጠራትም፤ ግን መጠራት ያስፈልግ ነበር? በዚያው ሳምንት የእናቴን ፔርሙስ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ፍራሹን ያረጠብኩትም እኔ ነኝ። ቃንዲ ናን ከታች ታመጣለች፣ ሂንዲ ትሞክራለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይወዳታል። እኔ ብሆን ማንን አስቀር ነበር ብዬ አሰብኩ፤ መልሱ ግልጽ ነበር።

ዛሬ ሳስበው እናቴ «በልጄ» ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደነበር ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ግን የሰማሁት «ነጥለው ቢወስዷትስ» የሚለውን ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰሃን አጠብኩ፣ አልጠየቅኩም፣ አላለቀስኩም። ማታ ማታ የቃንዲን የቀሚስ ጫፍ በእጄ ጠቅልዬ እተኛለሁ፤ ጥለውኝ ሲሄዱ እንድነቃ።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል። እናቴ ፀጉራችንን በዘይት አብሳ ጎንጉናልን በባጃጅ ሄድን። እናቴን ወደ አንድ ክፍል፣ አባቴን ወደ ሌላ ክፍል አስገቧቸው፤ እኔና ቃንዲን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡን። ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። አየር እንዲገባ ብለው አባቴ ያለበትን ክፍል በር ከፍተው በወንበር ደገፉት። ከተቀመጥኩበት የአባቴ ጀርባ ይታየኛል፤ ሸሚዙ ላብ ጠጥቶ ቆዳው ላይ ተለጥፏል። ጠያቂው በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፤ እኔ የምሰማው አባቴን ብቻ ነው።

አንዲት ወጣት ሴት ወረቀትና የቀለም እርሳስ ይዛ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። የእኛን ቋንቋ እንደ ተጻፈ ነው የምትናገረው። ቤታችሁን ሳሉልኝ አለችን። ቃንዲ ወዲያው ጎንበስ ብላ ጣሪያ ቀይ መቀባት ጀመረች፤ ጋዝኒ ውስጥ ቀይ ጣሪያ የት እንዳየች እንጃ።

«እህትማማቾች ናችሁ?» አለች ሴትዮዋ። «ታላቋ ማን ናት?»

«እሷ» አልኩ።

ነጋችን የሚወሰነው አሁን ነው ብዬ ገመትኩ። ሴትዮዋ ፈገግታዋ ደስ ይላል፤ ማስታወሻ ደብተር ይዛለች፤ የምትጽፈው ይጸናል። አፌ አልቆመልኝም።

«ግን የኛ አይደለችም። አባዬ ከወፍጮ ቦይ ነው ያገኛት። የእማዬ ልጅ እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶዋን አቆመች። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«አባዬ ራሱ።»

ይህ ደግሞ ውሸት አልነበረም። ቃንዲን በጎን አየኋት። ቀና አላለችም፤ ቀዩን እርሳስ ይዛ ትቀባለች። አልሰማችኝም ብዬ ተነፈስኩ። በዚያች «አልሰማችም» ላይ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ተኝቻለሁ።

ሴትዮዋ ተነሥታ በተከፈተው በር ገባችና ለጠያቂው በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። አስተርጓሚው ለአባቴ አንሾካሾከለት። አባቴ ዞረ። እኔን አየኝ፤ ቃንዲን አየ፤ ተመልሶ እኔን አየኝ። እንዲህ ያለ ፊት ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም፤ የተቆጣኝ መስሎኝ ዓይኔን ሰበርኩ። ውስጥ ገና ብዙ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ የአባቴ ድምፅ ጮክ ብሎ መጣ።

«ሁለቱም ልጆቼ ናቸው። እንደፈለጋችሁ ጻፉት።»

እንዴት እንደኮራሁ! አባዬ ለሁለታችንም ተሟግቶ አሸነፈ፤ ማናችንም አንቀርም። ሲወጣ አንድ እጁን ለእኔ፣ አንድ እጁን ለቃንዲ ሰጠን። መንገድ ላይ የሸንኮራ ጭማቂ ገዛልን፤ ሁለት ብርጭቆ ብቻ፤ እሱ አልጠጣም። እናቴ በዓይኗ ስትጠይቀው ራሱን ወዘወዘ። እኔ በረዶውን በጥርሴ እየሰበርኩ ከዚያ ቀን የበለጠ ደስታ አላውቅም ነበር።

መልሱ ከሁለት ወር በኋላ መጣ። አላመኑንም። አጎት ኢሳ ደብዳቤውን አንብቦ «ነገርኩህ» አላለም፤ አጣጥፎ መለሰና ወደ ፎቁ ወረደ። ይግባኝም አልተሳካም። እንዲሁ ያለ ወረቀት ከረምን። አባቴ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ መቀየሩን ቀጠለ፤ ዱቄቱ ደረቱ ውስጥ ገባና ማሳሉ ቀልድ መሆኑ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ቃንዲ ተለወጠች። ከናኑ ትንሹን ቁራጭ ትወስዳለች። ሳትጠየቅ ሰሃን ታጥባለች። አባቴ ከወፍጮ ቦይ የሚለውን ቀልድ ሲጀምር አትነክሰውም፤ ፈገግ ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች፤ በኋላ እሱም ተወው። «ትልቅ ሴት ሆነች» ይላል ጎረቤቱ። እኔ ደግሞ ለማታለል የምታደርገው መሰለኝ። «እማዬን ልትወስጂብኝ ነው?» ብያት አውቃለሁ። እንዲህ ብያታለሁ፣ በዚህ አፌ። ሰሃኑንም ትልቁን ናንም ለእሷ ተውኩላት፤ ሰሃኑን አጠበች፣ ናኑን መለሰችልኝ።

አስራ ሰባት ዓመት ሲሞላት የመንደራችን ሰዎች ለልጃቸው ለናደር ሊጠይቋት መጡ። ቤተሰቡ ሕንድ ሰልችቷቸው ወደ ጋዝኒ ሊመለሱ ነው። አባቴ «እንቢ በያቸው፤ ማንም አያስገድድሽም» አላት። እናቴ እግሯ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ቃንዲ ግን «እሺ ብያለሁ» አለች። «የአንድ ሰው ሸክም ይቀልላችኋል።» እኔ የናደርን ዓይን ወዳ ነው ብዬ ስቄ ነበር። አየር ማረፊያ ስንሸኛት እናቴን አቅፋ «ስላሳደግሽኝ አመሰግናለሁ» አለቻት። «ምን ዓይነት ንግግር ነው ይሄ!» ብላ እናቴ ትከሻዋን መታ አደረገቻት። አሁን አገሩን እነማን እንደያዙት ሁሉም ያውቃል፤ ቃንዲ ልትወጣ አትችልም፣ እኛም ልንገባ አንችልም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ራጅሽሪ የምትባል ጠበቃ ጉዳያችንን እንደገና ላስከፍት ብላ የድሮውን ፋይል ግልባጭ አወጣች። እንግሊዝኛውን የማነበው እኔ ስለሆንኩ ለእኔ ሰጠችኝ። ሁለቱን የልደት ቀኖች በቀይ ከብባ «ይህን አስረጂኝ» አለችኝ። የዚያን ቀን ነው በጣቴ የቆጠርኩት።

ከሥሩ ተጽፎ አገኘሁት። «ሟች ወንድምዎ ልጅ ትቶ ነበር?» አባቴ፦ «የለም።» ቀጥሎ፦ «ሕፃኗ እህቷ ከሌላ ቦታ የተገኘች መሆኗን ተናግራለች። አንዷ የወንድምዎ ልጅ ብትሆን ችግር የለም፤ ከእናንተ አትነጠልም። ይንገሩን።» አባቴ፦ «ሁለቱም ልጆቼ ናቸው። እንደፈለጋችሁ ጻፉት።» ከዚያ ውሳኔው፦ አመልካቹ በዋና ጉዳይ ላይ እውነቱን ስላልተናገረ ስለ ቀሪው ታሪኩም ሊታመን አይችልም።

ወረቀቱን ይዤ እናቴ ፊት ቆምኩ። ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱን አስቀመጠችና በትልቁ በረዶ ሳምንት የሆነውን ነገረችኝ። የቁርባን ሚስት፣ ባሏ በተገደለ በሦስተኛው ወር፣ እኔን ወልዳ በዚያው ሌሊት ሞተች። መንገድ ዝግ ነው፤ የሕፃን ወተት የለም። እናቴ የአምስት ወር ቃንዲን ወደ አንድ ጡቷ አዛውራ እኔን በሌላው ያዘችኝ። «በእኛ ሕግ ጡት የጠባ ልጅ ልጅ ነው» አለችኝ። «አባትሽ የዋሸ እንዳይመስልሽ።» አላለቀሰችም። እኔ አለቀስኩላት።

አባቴን ናን ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ወረቀቱን ሳሳየው ማንበብ አያስፈልገውም ነበር።

«አንነጥላትም ብለውህ ነበር» አልኩት። «ለምን አልነገርካቸውም?»

ደጋግሞ አሳለው። «በሩ ክፍት ነበር» አለኝ። «አንቺ እዚያ አግዳሚው ላይ ነሽ። ብናገር ትሰሚኛለሽ። እናትሽ… ያቺ የወለደችሽ፣ ‹የሙት ልጅ መሆኗን አትንገሯት› ብላኝ ነው የሄደችው። ሰባት ዓመትሽ ነበር፣ ናዚፋ። እግርሽ መሬት አይደርስም።»

«ቃንዲን ግን ከቦይ ነው ያገኘሁሽ ትላት ነበር።»

«ቃንዲማ የራሴ ናት» አለ፣ ነገሩ ገርሞት። «የራስን ልጅ ምን ብትላት ምን ትሆናለች?»

ለቃንዲ መንገር ነበረብኝ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ጋ ኔትወርክ በሚኖርበት ሰዓት ደወልኩላት። ከኋላዋ ልጇ ሲጫወት ይሰማል። ወሬ ሳላበዛ በቀጥታ ጀመርኩ። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ፣ አንቺ ስትስዪ፣ ለዚያች ሴትዮ…

«ሰምቼሻለሁ» አለችኝ። «አጠገብሽ አልነበርኩም እንዴ?»

«ሁሉንም?» አልኳት።

«ተይው፣ ናዚፋ። ልጅ ነበርሽ» አለች፤ ድምፅዋ እንዳረጀ ሰው ለስላሳ ነው። «ደግሞስ ምን ዋሸሽ? አባዬ በቀልድ ሲነግረኝ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። አንቺ ስትናገሪ ግን እሱ ዞሮ ያየን ጊዜ ፊቱን አየሁት፤ እውነት መሆኑ ገባኝ። በኔ ምክንያት እንደወደቃችሁም አውቄያለሁ። የናደር ቤተሰቦች ሲመጡ ለምን እሺ ያልኩ መሰለሽ? ያልወለዱኝ ሰዎች እስከ መቼ ይሸከሙኝ?»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። 

«ቃንዲ፣ አንቺ አይደለሽም» አልኳት። «እኔ ነኝ። የቁርባን ልጅ እኔ ነኝ። አንቺ የእማዬ ነሽ፤ ከሆዷ የወጣሽ። እኔን ከጡትሽ ነው ያካፈለችኝ።»

የተቋረጠ መሰለኝ። ልጇ «እማዬ፣ እማዬ» ይላል፤ አትመልስለትም። ከዚያ ስትተነፍስ ሰማኋት፤ ረጅም ነበር፤ መሃል ላይ ተሰበረ።

«እቤት አለች?» አለችኝ።

«አለች። ራት እየሠራች ነው።»

«አገናኚኝ።»

ስልኩን ወደ እናቴ ወሰድኩት። የሽንኩርት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች «ማናት?» አለችኝ።

«ቃንዲ ናት» አልኩ። «እናቴን አገናኚኝ እያለች ነው።»